የማይዝግ ስለት

በካምባዶስ ወደብ፣ ከመረብ ቤት ጥግ፣
አንድ ሰንጢ ገዛሁ፣ ብረቱ የማይዝግ።
ባለሱቁ ብራይስ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣
"ጨው አይበላውም" አለኝ፣ በእናቱ ምሎ፤
"ውሃ አያጠቁረው፣ ሎሚ አይለውጠው፣
ያቀለጠው ሰው ነው ቁጥርን ስም የሰጠው።"

አባቴ ኤላዲዮ፣ ከጀልባው አፍ ሆኖ፣
ከፈተው፣ ዘጋው፣ ባውራ ጣቱ መዝኖ።
"ጥሩ ነው" አለና መለሰልኝ አጥፎ።

የእሱ ካርቦን ብረት ነው፣ ፊቱ የጠቆረ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሞረድ የኖረ፤
ወገቡ የሳሳ፣ እንደ ሩብ ጨረቃ፣
ማታ በዘይት ታሽቶ፣ ጠዋት የሚነቃ።

እኔ ደብተር ያዝኩ። ሰኞ ገመድ ቆረጥኩ፣
ማክሰኞ ካርቶን ቀደድኩ፣ ቋሊማ ከተፍኩ፣
ረቡዕ ብርቱካን ልጬ፣ ሳልጠርገው አጠፍኩ።
ሐሙስ ስከፍተው፣ እንደ መስታወት ጠርቷል።
በአባቴ ሰንጢ የተቆረጠ ብርቱካን
ደም ደም ይላል ሁሌ፣ ጠርዙም ይጠቁራል፤
የኔ ብርቱካን፣ ብርቱካን ብቻ ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ግን
አሸዋና የዛጎል ስባሪ የጠጣ ገመድ ገጠመው።
የክንዴን ፀጉር ይላጭ የነበረ፣ ቲማቲም ላይ ቆሞ
ልጣጩን ደፈጠጠው፣ እንደ ሰው ተዳክሞ።
የመሳያ ድንጋይ አመጣሁ።
የአባቴ ባምስት ምት ይነሣል፤
የኔው ግትር፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን የብረት ጺም አብቅሎ፣
ባንዱ ጎን ስላጨው በሌላው ብቅ ይላል።
"የሚዝግ ቶሎ ይሳላል፣ የማይዝግ ያስለምናል"
ብዬ ጻፍኩና ደብተሩን ዘጋሁ።
ነገ እስልሃለሁ አልኩት።
በነጋታውም፣ ነገ።

በጥቅምት ነፋስ፣ ዛጎል የምናረባበት
ተንሳፋፊ እንጨት ሲናጥ፣ ከጓንቴ አመለጠ።
ጧ እንኳ አላለም።
አባቴ ሳቀ፦ "አይዝግም ብለሽ የለ? ይጠብቅሽ።"

ዐሥራ አራት ወር።
ገመዱን ስንጎትት፣ ከጥቁር ዛጎል ዘለላ መሐል
አንድ የማውቀው ጀርባ፣ እንደ ትርፍ ጥርስ ብቅ ብሏል።
የወይራ እጀታውን የባሕር ትል ቦርቡሮታል፤
ስለቱ ግን በስንጥቁ ያበራል፣
እዚህም እዚያም ጠቃጠቆ ብቻ ጣል ጣል አርጎበት።
ልከፍተው ሳብኩ፤ እምቢ።
ብራይስ የማለው ለስለቱ ነው እንጂ
ችንካሩ ተራ ብረት፣ መቆለፊያውም ተራ ብረት፤
እነሱ ዝገው፣ እነሱ አብጠው፣
ያልዛገው ተዘጋ፤ የዛገው ዘጋበት።

ኤላዲዮ ምንም አላለም።
የራሱን ከኪሱ አወጣ፣ ገመዱን ባንድ ምት ለየ፣
በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ አጠፈው።
ጠረገው።
ይኼን ስንቴ አይቻለሁ፤ አንድም ቀን ልብ አላልኩም።

ስለት ሁለት ኖሯል።
አንዱን ቀላጩ፣ ከእሳት አውጥቶ ይሸጣል፤
ሌላውን ባለቤቱ፣ ማታ ማታ ይሳላል።

ሦስት ሌሊት በኮምጣጤ፣ ሁለት ሌሊት በዘይት፤
በስድስተኛው ጠዋት ጥርሱን እያፋጨ ተከፈተ።
ጠርዙን ባውራ ጣቴ ዳሰስኩት፦
ያው ነው፣ የዚያ ጥቅምት ድልደማ፣ አንዲት ፀጉር ሳይለወጥ።
ባሕሩ ያልበላውን ስንፍናዬን
በአደራ አቆይቶ መለሰልኝ።

አባቴ ድንጋዩን አርጥቦ አቀበለኝ።
ዝናብ ከአሮሳ በኩል እየመጣ ነበር።
ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ።